ስምሽ ዝናቡን ይቅደመው

እስቲ ደረሰኙን ወደ ብርሃን አዙሪው፤ ከትከሻሽ በላይ ሆኜ ላንብበው። ዩሪያ፣ 50 ኪሎ፣ አንድ ጆንያ። ማኅተሙም ፊርማውም አለ። የገዢው ስም ላይ ግን የተጻፈው ታላቅ ወንድማችን ነው። እርሻው ላይ ጎንበስ ቀና የምትዪው አንቺ ነሽ፤ ብሩንም ኢንዱስትሪ ፓርክ ስትሠሪ ካጠራቀምሻት ላይ የከፈልሽው አንቺው ነሽ። ወረቀቱ የሚያውቀው እሱን ነው። ለፊቼ ጫምባላላ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ መጥተሽ ጉዱማሌ አደባባይ ጥላ ሥር ከተቀመጥን ወዲህ ስለ ዘመድ አዝማዱ ስናወራ ውለናል፤ ነገ ደግሞ ወደ ቦሪቻ ትመለሻለሽ። በቆሎው መሬት የሚገባው በዚሁ ሰሞን ነውና የማውቀውን ሳትሄጂ ልንገርሽ። ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ስይዝ ስንቷ ሴት በስም ምክንያት ባዶ እጇን ስትመለስ አይቻለሁ፤ አንቺ ከነሱ አንዷ እንድትሆኚ አልፈልግም።

ትናንት «መንግሥት ለገበሬ የሚከፍለው ድጎማ መቼ ነው እጅ የሚገባው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እጅ የሚገባ ብር የለም፣ እህቴ። ህንድ አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት ያለው ገበሬ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ በቀጥታ ባንክ ይገባለታል። የእኛ መንገድ ሌላ ነው። የእኛ ድጎማ ጆንያው ዋጋ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ማዳበሪያውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በዶላር ከውጭ ይገዛል፤ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ፣ ከዩኒየኑ ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩ ወደ አንቺ ይመጣል። እዚህ እስኪደርስ የፈጀው ብርና አንቺ የምትከፍዪው ብር እኩል አይደለም። ልዩነቱን መንግሥት ይሸፍናል። ድጎማ የሚሉት ይህን ነው።

ለሒሳብ እንዲመችሽ ብቻ ቁጥር ልስጥሽ፤ የዘንድሮው ዋጋ ነው ብለሽ እንዳትይዢው። አንድ ኩንታል ቀበሌው እስኪደርስ 10,000 ብር ቢፈጅና አንቺ በ7,000 ብትገዢው፣ 3,000 ብር ከመንግሥት አገኘሽ ማለት ነው። የእናታችን ማሳ ሁለት ጥማድ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ ነው። በተለምዶ በሚመከረው መጠን፣ ለሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስና አንድ ኩንታል ዩሪያ ብንል፣ ላንቺ ከሁለቱም ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ይበቃሻል። በጠቅላላው አንድ ኩንታል። እንግዲህ ያ 3,000 ብር ያንቺ ድርሻ ነው። ማንም ቆጥሮ አይሰጥሽም፤ ጆንያውን በስምሽና በጊዜው ካላነሳሽ ደግሞ ቀርቷል ብሎ የሚነግርሽ የለም።

ይህ ነገር ሁልጊዜ የነበረ እንዳይመስልሽ። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት የማዳበሪያ ድጎማውን አንስቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ገበሬው የዓለምን ዋጋ ከነትራንስፖርቱ ሲከፍል ኖረ። ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎ በ2014 የካቲት የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ፈነዳ፤ የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። መንግሥት በዚያ ዓመት ለማዳበሪያ ድጎማ 15 ቢሊዮን ብር መደበ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ፤ በዶላር የሚገዛው ጆንያም አብሮ ዘለለ። ያንን ጭማሪ እንዳለ ገበሬው ላይ ቢጥሉት ኖሮ ቦሪቻ ላይ ዩሪያ የሚነካ ሰው አይገኝም ነበር። ለዚህ ነው ድጎማው የቀጠለው። ነሐሴ 2017 ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ውል ተፈርሟል። ያ ፋብሪካ ማምረት እስኪጀምር ግን የእርሻሽ ዋጋ በመርከብና በዶላር እጅ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ዋጋውን ጠይቂ፤ የአምናውን ይዘሽ በጀት አትያዢ።

ድጎማው በጥሬ ብር እንደማይመጣ ማወቅሽ ከሌላም ነገር ያድንሻል። አንድ ቀን ስልክሽ ይጠራና ትሑት ድምፅ «የግብርና ድጎማ ተፈቅዶልሻል፤ ቴሌብርሽ ላይ እንድናስገባልሽ የተላከልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ይልሻል። ዝጊው። ከወረዳ ነኝ ቢል፣ ስምሽንና የአባትሽን ስም ቢጠራ፣ በሲዳምኛ ቢያወራሽም ዝጊው። በስልክ የሚታደል የማዳበሪያ ድጎማ የለም፤ የምሥጢር ቁጥርሽን የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው ያለሽን ነው። ለእናታችንም ይህን ደጋግመሽ ንገሪያት። እሷ ሰው ታምናለች፤ ስልኩንም የሚያነሱላት የጎረቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ስለ ጊዜ። ብዙ ሰው የማዳበሪያ ነገር የሚጀምረው ጆንያው ቀበሌ ሲደርስ ይመስለዋል። የሚጀምረው ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ የልማት ሠራተኛዋ ደብተሯን ይዛ «ለሚቀጥለው ዓመት ስንት ትፈልጋላችሁ?» ብላ ስትዞር። እሷ የጻፈችው ቁጥር ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ይሄዳል፤ ተደምሮ ጨረታ ይወጣበታል፤ መርከብ ይጫንበታል። በ2017 ወደ አገር የገባው ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነበር። ያ ሁሉ ክምር የተደመረው ከእንዲህ ዓይነት ደብተሮች ነው። ያን ቀን ቤት ያልነበረች ሴት፣ ገበያ የሄደች ወይም «ባሌ ሲመጣ ይንገራችሁ» ያለች፣ ኮታው ውስጥ የለችም። ጆንያው ሲመጣ ሰልፍ ትይዛለች፤ ዝርዝሩ ይነበባል፤ ስሟ አይጠራም። የተከራከረችው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ማከፋፈያው ላይ ቆሞ የሚጨምርላት ሰው የለም።

የእኛ አካባቢ ደግሞ አንድ ችግር አለበት። የአገሪቱ የማዳበሪያ ጉዞ በአብዛኛው የተሰላው ለክረምት ዘሪው ነው። እኛ በቆሎ የምንዘራው በበልግ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ። መርከቡ ትንሽ ሲዘገይ ሰሜኑ ገና ጊዜ አለው፤ እኛ ግን ዘርተን ጨርሰናል። ለነገሩ ሰሜኑም አልተረፈም፤ በ2015 ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ማዳበሪያ በጊዜው አልደርስ ብሎ ገበሬዎች አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። ኤንፒኤሱ ገና አልደረሰም ብለውሻል አይደል? ከዘር ጋር አብሮ መሬት መግባት ያለበት እሱ ነው፤ ዩሪያው ቆይቶም ይደርሳል። ስለዚህ ነገ እንደገባሽ ማኅበሩ ሄደሽ «መቼ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከነገ ወዲያም ጠይቂ። ማስቸገር አይምሰልሽ። ስሠራ እንዳየሁት መጋዘኑ ደጃፍ የምትታይ ሴት አትረሳም።

ስትመዘገቢ ልኩን ተናገሪ። ሁለት ጥማድ ይዘው አራት የሚያስመዘግቡ አሉ፤ ትርፉን ለመሸጥ። ፊቼ ላይ አባቶች ሕዝቡን ሲመክሩ ሰምተሻል፤ በሥራ በርቱ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው ከዚህ ሁሉ ምክር ጋር ነው። በማሳ ስፋት ላይ የተዋሸች ውሸትም ሐሰተኛ ምስክርነት ናት፤ የተረፈሽ ጆንያ የተቀማው ስሟ ካልተጠራላት ጎረቤትሽ ነው።

መሸጡን ካነሳሁ አይቀር፣ ከሁሉ የምፈራልሽ እሱን ነው። ጆንያውን ተሸክመሽ ስትወጪ አንድ ነጋዴ መንገድ ላይ ይጠብቅሻል። ከከፈልሽው ላይ ጥቂት መቶ ብር ጨምሮ ይሰጥሻል፤ እናታችን መድኃኒት ትፈልጋለች፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ቤት ውስጥ ጨው የለም፤ እጅሽ ይላላል። ቅድም ያሰላነውን አስታውሺ። ከሚሰጥሽ ጭማሪ ይልቅ ድጎማው ይበልጣል፤ እሱ ያንን ድጎማ በሙሉ ወስዶ ቁራሹን ነው የሚመልስልሽ። በዚያ ላይ በመስከረም የምታፍሽው በቆሎ አለ። ጆንያዋን የሸጠች አንዲት ጎረቤታችን በቆሎዋ ጉልበቷ ድረስ አድጎ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ ያንኑ ዩሪያ ከገበያ በጨመረ ዋጋ ልትገዛ ወጣች። ብር ካስፈለገሽ ለእኔ ደውዪ። እበደርም ቢሆን እልክልሻለሁ።

በሕጋዊው መስመር እንኳ ብትገዢ ጆንያውን ሳታዪ አትፈርሚ። ኬንያ በ2016 በእኛ አቆጣጠር፣ መንግሥት ራሱ በሚደጉመው ማዳበሪያ ውስጥ ሐሰተኛ ተገኝቶ አገር ተናወጠ፤ ገበሬው አሸዋና አፈር ዘርቶ ነበር። ስፌቱን እዪው፤ በእጅ እንደገና የተሰፋ ከሆነ ጠይቂ። አስመዝኚው፣ 50 ኪሎ መሙላት አለበት። ከዩሪያው ትንሽ ቆንጥረሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምሪና አማስዪው፤ እውነተኛ ዩሪያ ጨርሶ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም በእጅሽ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ከታች አሸዋ ከቀረ ጆንያውን ሳትነኪው ለማኅበሩ ኮሚቴ መልሺ። ደረሰኙንም እንዳትጥዪ፤ ከላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ከመሬት ደብተሩ ጋር አስቀምጪው። ክፍያውን በስልክ ከፈጸምሽም የመጣውን መልእክት አታጥፊ።

ስለ አጠቃቀሙ የልማት ሠራተኛዋ ከእኔ የተሻለ ትነግርሻለች፤ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ይህን ብቻ ያዢ፦ ዩሪያውን አንዴ አትድፊው፤ ከፍለሽ፣ ብዙውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ፣ ከሥሩ ጎን አድርገሽ አፈር አልብሺው። ላዩ ላይ የተበተነ ዩሪያ ተንኖ ይሄዳል። ድጎማውን ለሰማይ ሰጠሽው ማለት ነው። ሌላው የአፈር ኮምጣጣነት ነው። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ ኮምጣጣ ነው ይባላል፤ ሲዳማ ደጋው ላይ፣ እነ ሁላ እነ ቡርሳ፣ ችግሩ የጠና ነው። እንዲህ ያለ አፈር ኖራ ካላገኘ ማዳበሪያውን አስሮ ይይዘዋል። የአማቶችሽ መሬት ደጋ ነውና ለእነሱም ንገሪያቸው።

አሁን ደግሞ ለኔ ትልቁ ነገር። ጓሮው ያለውን እንሰት እንዳትነኪው። አውቃለሁ፣ ወንድማችን «እንሰቱን ነቅለን በቆሎ እናስፋ፤ ማዳበሪያ እንደሆነ ተደጉሟል» ማለት ጀምሯል። ድጎማው የሚጎትተው ወደዚያ ነው፤ በብዛት የሚውለው እንደ በቆሎና ስንዴ ላለ እህል ነውና። እንሰት የሚበላው የከብት ፍግ ነው፤ ለእንሰት ፍግ የሚደጉም በጀት የለም። እንሰቱን የሚተክሉት፣ የሚፍቁት፣ ቆጮውን የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ እናም የአገር ድጎማ ሲሰላ የእናታችን ድካም ቁጥር ውስጥ አይገባም። ይህ ያናድደኛል፤ አጥብቆ ያናድደኛል። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. በራሱ ስም ሲቋቋም የእንሰት አገር የእንሰት በጀት ይኖረዋል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ አሁንም ተስፋዬን አልጣልኩም። አንቺ ግን በጀት ስላላየው ዝቅ አታድርጊው። በልግ ሲከዳ በቆሎ አብሮ ይከዳል፤ እንሰት ግን ድርቁን ችሎ ቆሞ ይጠብቅሻል። ካስፈለገሽ የልማት ሠራተኛዋን ስለ አጠውልግ በሽታ ጠይቂያት፤ ጤነኛ ችግኝና ምክር መጠየቅ መብትሽ ነው። ታማሚውን ተክል ነቅለሽ ቅበሪ፣ ቢላዋሽን በእሳት ሳታሳልፊ ወደ ጤነኛው አትሂጂ።

ብድርን በተመለከተ እናታችን የምትፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ማዳበሪያ በዱቤ ይታደል ነበር፤ መክፈያው ሲደርስ በሬ የተሸጠበት፣ ሰው የታሰረበት ዘመን ነው። በ1994 ዓ.ም. ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ጎተራው ሞልቶ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በኋላ በእኛ በኩል ብሩ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ይከፈልና በኩፖን ከማኅበሩ ይነሳ ጀመር፤ ያ ብዙ ሰው ከዕዳ አዳነ። ስለዚህ በተቻለሽ መጠን በእጅ ብር ግዢ፤ ሙሉ ጆንያ ካቃተሽ ከጎረቤት ጋር ተካፈዪ፣ ስለ ተካፈላችሁትም ወረቀት ይኑራችሁ። ከተበደርሽ ደግሞ ሒሳብሽን ዋጋ በወደቀበት ዓመት አስልተሽ ተበደሪ። በአጨዳ ሰሞን ሁሉም ሲሸጥ አብረሽ ሁሉንም አትሽጪ።

ሴፍቲኔትንም ከዚህ ጋር አታምታቺው። እሱ በ1997 የተጀመረ፣ የምግብ ክፍተት ላለበት ቤተሰብ የሚሰጥ ነው፤ መሥራት የሚችል በወር አምስት ቀን የማኅበረሰብ ሥራ ይሠራበታል፣ አቅመ ደካማና ነፍሰ ጡር ሳይሠሩ ያገኙታል። እናታችን ትገባበት እንደሆን ቀበሌው ይመዝናል። የማዳበሪያውን ዝርዝር ግን አይተካም፤ ሁለቱም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው።

ቀጥሎ ማኅበሩ አባል ሁኚ፤ በራስሽ ስም፣ መመዝገቢያውንና ዕጣውን ከፍለሽ። አባል ያልሆነም ማዳበሪያ ይገዛል፤ ነገር ግን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጅ አያነሳም፣ ኮሚቴ አይመርጥም፣ የትርፍ ክፍፍል አይደርሰውም። አለታ ወንዶ ያለችው አክስታችን ቡናዋን ለማኅበር ሰጥታ ክፍፍሉ ሲመጣ ጣሪያዋን ቆርቆሮ አልብሳለች፤ ለቡናዋ የተደጎመ ማዳበሪያ አግኝታ አታውቅም። ጉባኤው ላይ ስትገኚ ከኋላ አትቀመጪ። «ስንት ጆንያ ገባ? ለማን ለማን ታደለ? ዝርዝሩ ይለጠፍ» በዪ። ዝርዝር የሚለጠፍበት ቀበሌ ላይ ጆንያ አይጠፋም።

ወደ ስሙ ልመለስ። ወንድማችን መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሀዋሳ ሥራ ይዞ «ወንድ ነኝ፣ ስሜ ይኑርበት» ብሎ ነው። ማኅበሩም የለመደውን ስም ጻፈ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴት በመሬት ላይ ከወንድ እኩል መብት እንዳላት ይናገራል። የአባታችን የይዞታ ደብተር ላይ የእናታችን ስምና ፎቶም አለ፤ አባታችን ካለፉ በኋላም መሬቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ደብተሩን ዋስትና አድርጎ መበደርን ሁሉ ፈቅዷል። ስለዚህ የደብተሩ ነገር ከጆንያ በላይ ክብደት አለው፤ ማን እጅ እንዳለም ማወቅ አለብሽ። የምታርሺው በእናታችን ፈቃድ እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ በእሷ የጣት አሻራና በሁለት ምስክር ይኑርሽ።

ሰኞ ጠዋት እናታችንን ይዘሽ መጀመሪያ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂጂ፤ ደብተሩን፣ የፋይዳ ቁጥርሽንና የቀበሌ መታወቂያሽን ያዢ። ከዚያ የልማት ሠራተኛዋ ጋ፣ ለሚቀጥለው ዓመት በስምሽ እንድትጽፍሽ፤ ከዚያ ማኅበሩ። ይህን ደረሰኝም አሳዪአቸውና የሚቀጥለው ኤንፒኤስ በስምሽ እንዲወጣ ጠይቂ። ለወንድማችን ዛሬ ማታ የምደውለው እኔ ነኝ። እሱን ለእኔ ተዪው።